«የጴጥሮስ መንበር ባዶ ነው» ለሚሉት ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። ከኮምቦልቻ ነው። አብራኝ የቆረበች ጓደኛዬ ቪዲዮ ላከችልኝ። «ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1958 ካረፉ ወዲህ እውነተኛ የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ፖፕ) የለም፤ የጴጥሮስ መንበር ባዶ ነው» ይላል። አሁን ቅዳሴ ላይ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ሲነሳ አፌ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። አፌ ይተሳሰራል ያልሽው አንጀቴን በላው።

እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሐዘን ይገባኛል። ከ1962 እስከ 1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተካሄደው የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በልጅነታቸው የሚያውቁት የላቲን ቅዳሴ ተለወጠባቸው። ሆድ ይብሳል። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ የግዕዙን ቅዳሴ ተዉት ቢለን እኔም አለቅሳለሁ። እነሱ ግን «ጉባኤውን የተቀበለ ሁሉ ከመንበሩ ወርዷል» እስከ ማለት ደረሱ።

እሺ፣ ባዶ ነው እንበል። ማን ይሞላዋል? የሚመርጡት ካርዲናሎች ናቸው። ካርዲናል የሚሾመው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ነው። ከ1958 በፊት የተሾሙት ደግሞ ሁሉም አርፈዋል። አንዳንዶቹ እንግዲያው ራሳችን እንምረጥ አሉ። በ1990 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ስድስት ሰዎች ተሰብስበው ዴቪድ ባውደንን «ሚካኤል» ብለው ሾሙ። ከስድስቱ አንዱ ራሱ ነበር፤ እናቱና አባቱም አሉበት። በ1998 ሌላ ቡድን ሌላ ሰው «ፒዮስ 13ኛ» አለ።

በድሮው ዘመንም ተሞክሯል። ከ1378 ጀምሮ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሮም፣ አንዱ በዛሬዋ ፈረንሳይ አቪኞን ሆነው፣ «ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። በ1409 ፒዛ ላይ የተሰበሰቡት ጠቡን እንጨርስ ብለው አዲስ መረጡ። ሁለት የነበሩት ሦስት ሆኑ! የኮንስታንስ ጉባኤ በ1417 ማርቲን 5ኛን እስኪመርጥ ምእመኑ ተሰቃየ። ቅድስት ካታሪና ከሮሙ፣ ቅዱስ ቪንሰንት ፌረር ከአቪኞኑ ጋር ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ ቅዱሳን ናቸው። ግራ ስለተጋባሽ አትፍሪ።

የጉባኤውን ለውጥ የተቃወሙትን ፈረንሳዊውን ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭርን እይ። በ1988 ያለ ሮም ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሾሙ፤ ተወገዙም። የመሠረቱት ማኅበር እንኳ እስከ ዛሬ በቅዳሴው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ስም ያነሳል።

ስለዚህ ስማቸው ሲነሳ ጸልዪ። መጸለይሽ አይሳሳቱም ማለት አይደለም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ እያወቀ ጌታ «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ብሎታል። ወሎ ውስጥ እኛ ጥቂት ነን፤ ከዓለሙ ካቶሊክ ሁሉ ጋር አንድ መሆናችንን በየቅዳሴው የምንሰማው በዚያ ስም ነው።

ጓደኛሽን ደግሞ እንዳትርቂያት። እሁድ ይዘሻት ነይ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ቪዲዮውን አብረን እናየዋለን።