ካፌ የት ልክፈት ላልሽው እህታችን፦ ከመንገዱ በፊት ሰልፉን እዪ

ጥያቄሽን አንብቤ ከሥሩ የተጻፈውንም ሁሉ አየሁት። ከቤይሩት ተመልሰሻል፣ ያጠራቀምሽው ብር አለ፣ መሀል ከተማ ላይ ትንሽ ካፌ መክፈት ትፈልጊያለሽ። ያየሻቸው ቤቶች ሦስት ናቸው፦ ፒያሳ አዲሱ ኮሪደር (ከተማው አፍርሶ ያሰፋውና ያሳመረው መንገድ) ዳር፣ ለገሃር ባቡሩ ሥር፣ እና ደላላው ያሳየሽ ሜክሲኮ ጀርባ ያለው ጠባብ ሱቅ። አብዛኛው ሰው "ፒያሳ እያለ ምን ይጠየቃል" ብሎሻል። እኔ አልስማማም። ፒያሳም ሜክሲኮም ቁርስ ቤት ሠርቻለሁ፣ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ሰው ስላለፈ ብቻ ብር አይገባም። መቆም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሰውን የሚያቆመው የታክሲ ሰልፍ ነው፣ ከዚያ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት። የመንገዱ ማማር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ቤት ስታዪ ዓይንሽ መስታወቱና ቀለሙ ላይ ያርፋል፣ ይገባኛል። ግን ዞር ብለሽ ፊት ለፊት ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ እዪ።

የእኔ የፒያሳ ቤት ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ለፎቶ የማይሆን ነበር። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፍርፍር፣ ሻይ። ሌላ ነገር የለም። ግን ከፊቱ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ይጭናል። ጠዋት የሚወርደው ሠራተኛ ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም፣ ማታ የሚሰለፈው ደግሞ ረሃቡ ስለማያስችለው ሳምቡሳ ይገዛል። ከኋላ የሰፈሩ ሰው አለ። በዱቤ በልቶ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፍል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ። ቤቱን የሚያኖረው እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፣ ሰልፉና ሰፈሩ።

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈረሰ፣ የእኛም መስመር አብሮ ሄደ። ደንበኞቼ ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። እነሱን ተከትሎ መሄድ አይቻልም፣ አንዱ በዚህ ጫፍ ሌላው በዚያ ጫፍ ነው የደረሰው። ባለይዞታውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ ካሳም ይሁን ምትክ የሚጠይቁበት መንገድ ነበራቸው። እኔ ከግለሰብ የተከራየሁ ስለነበርኩ የትኛውም ዝርዝር ላይ ስሜ አልነበረም። አስቀድሜ የከፈልኩትን ኪራይ እንኳን አከራዬ በሽማግሌ ነው ግማሹን የመለሱልኝ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ወደ ውል ስንመጣ ስለሚያስፈልግሽ ነው።

አሁን ስላለው ፒያሳ። ቆንጆ ሆኗል፣ ይህን መካድ ግብዝነት ነው። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መንገድ አለ፣ ማታ መብራቱ ቀን ያስመስለዋል፣ ድሮ የማይታሰበው የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ጎብኚውም ስብሰባውም በዝቷል። ቅዳሜና እሑድ ማታ ሄደሽ ካየሽው ልብሽ ይሰረቃል፣ ሕዝቡ ለጉድ ነው። ግን ምን እያደረገ ነው? ፎቶ ይነሳል፣ ልጁን ያናፍሳል፣ ውሃና ፈንዲሻ ይገዛል፣ ከዚያ በነጻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለምን ካፌ ገብቶ ይከፍላል? ማክሰኞ ቀን 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ያው መንገድ ጭር ይላል። የሰፈሩ ሰው የለማ። ታክሲውም እንደ ድሮው ያገኘው ቦታ ላይ ቆሞ አይጭንም፣ የተመደበለት ማቆሚያ አለው። ማቆሚያው ከቤትሽ ራቅ ካለ ሰልፉም ራቀ ማለት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ሌላው ማንም ያልነገረሽ ወጪ አለ። የንግድ ቤቶች እስከ ማታ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ደንብ በ2017 ወጥቷል። ኮሪደር ዳር ቤት ይዘሽ ይህን ማለፍ አትችዪም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ከተማው በጊዜ ይተኛ ነበር። ለአንቺ ግን ሁለት ፈረቃ ሠራተኛ ማለት ነው። አስተናጋጇ አያት ወይ ጀሞ ነው የምትኖረው፣ መሀል ከተማ ተከራይታ መኖር አትችልም። በዚያ ሰዓት ወጥታ ታክሲ የምታገኘው በዕድል ነው፣ ካገኘችም መንገዱን ቆራርጦ፣ ደጋግሞ እያስከፈለ ነው የሚጭናት። ወይ የትራንስፖርት ትከፍያታለሽ ወይ በሁለተኛው ወር ትለቅብሻለች። እኔ ቤት በትራንስፖርት ምክንያት የለቀቁት በደመወዝ ምክንያት ከለቀቁት ይበልጣሉ። ደግሞ ዕቃ ደጅ ማውጣት፣ ወንበር በረንዳ ላይ መዘርጋት፣ ለማራገፍ መኪና ማቆም ድሮ ቀረ፣ ቅጣት አለው። ስኳርና ለስላሳ የሚያመጣልሽ አይሱዙ የት እንደሚቆም ሳታውቂ ቤት እንዳትይዢ።

ወደ ለገሃር እንሂድ። አንድ ወንድማችን "ባቡር ጣቢያ ነው፣ ሕዝቡ ማዕበል ነው" ብሎ ጽፏል። የትኛው ባቡር? የጅቡቲው ባቡር ድሮ ለገሃር ይገባ ነበር፣ የአሁኑ ግን ተሳፋሪ የሚያነሳው ለቡ ላይ ነው። ለገሃር የቀረው ቀላል ባቡሩ ነው። እሱ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ ሁለት መስመር ያለው፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ነገር ነበር። እኛም ጣቢያ አጠገብ ያለ ሱቅ ሁሉ ወርቅ ይሆናል ብለን ነበር፣ ኪራዩም በዚያው ወሬ ወጣ። በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፣ የቀሩት እየተጨናነቁ ይሄዳሉ።

ከዚህ በላይ ግን የአሠራሩ ጉዳይ አለ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፣ ሐዲዱም ከመሬት ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ ነው። ከቃሊቲ መጥቶ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሰው እዚያው ላይ ወርዶ እዚያው ላይ ይሳፈራል፣ መሬት አይረግጥም። ባቡሩ ሲዘገይም የሚጠብቀው ላይ ቆሞ ነው። ቲኬት ቆርጦ ከገባ በኋላ ለማኪያቶ ብሎ ደረጃ የሚወርድ አላየሁም። የሚወርደው ደግሞ እግሩ መሬት ሲነካ ይሮጣል፣ ታክሲ ሰልፍ ሊይዝ። ያ ሰው ሥራ የሚሆንሽ ሰልፉ ጋ ሲደርስ ነው።

ለገሃር ላይ ትልቅ አዲስ ሰፈር እየተገነባ ነው ተብሎ የተጻፈልሽም እውነት ነው፣ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ኤግል ሂልስ የሚባለው የኤምሬትስ ኩባንያ በኅዳር 2011 ያስጀመረው ነው፣ 36 ሄክታር ላይ። አፓርታማው፣ ሆቴሉ፣ የገበያ ማዕከሉ ሞልቶ ሰው ሲኖርበት ሌላ ከተማ ይሆናል። ያኔ ግን ካፌ የሚከፍተው ከሕንጻው ሥር ውድ ኪራይ የሚችል ሰው ነው። አሁን እዚያ አካባቢ የሚበላው የግንባታ ሠራተኛው ነው፣ እሱም የሚፈልገው ማኪያቶና ኬክ ሳይሆን ሆድ የሚሞላ ሽሮ ነው። እውነቱን ለመናገር ሽሮ ቤት ብትከፍቺ ለገሃርን እመክርሽ ነበር። ካፌ ካልሽ ግን ከለገሃር ወደ ሰንጋ ተራ ያለው ይሻልሻል፣ ባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን የደረደሩበት። የባንክ ሠራተኛ ቀን 4 ሰዓት ላይ ማኪያቶ ሳይጠጣ አይውልም። ችግሩ ኪራዩ ነው፣ ያንቺ ብር አይችለውም።

የቀረው ሜክሲኮ ነው። እኔ ከፒያሳ ተነስቼ የሄድኩት እዚያ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አድልዎ ቢኖርብኝ አትፍረጂብኝ። ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሜክሲኮ ሄደሽ ቁሚ። የጀሞ ሰልፍ፣ የአየር ጤና ሰልፍ፣ የለቡ ሰልፍ፣ እየተጠማዘዘ ሰው ደጅ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሰው ከምሳ በኋላ ምንም አልቀመሰም፣ ቤቱ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ይቀረዋል። ገብቶ ግን አይቀመጥም፣ ተራው ያልፈዋል። ደላላው ያሳየሽ ጠባብ ሱቅ ለዚህ ነው ጥሩ የሚሆነው። ወደ ሰልፉ የሚያይ መስኮት ክፈቺለት። ትኩስ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ ዳቦ፣ በወረቀት ኩባያ ሻይ። ሰዎች ተራቸውን ሳይለቁ ብር ያቀብሉሻል፣ አንዱ ለአንዱ ይቀባበላል፣ በሞባይልም ይልኩልሻል። ሁለት ጠረጴዛ ከውስጥ ይበቃል። ካፌ የሚለውን ስም ከፈለግሽ ስሙን ስጪው፣ ብሩ የሚመጣው ግን በመስኮት ነው።

ሜክሲኮም ቢሆን ዋስትና የለውም። ከሜክሲኮ ሳር ቤት ያለው መንገድ የኮሪደር ሥራ ሲሠራበት አንዱ የታክሲ መጫኛ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ትንሽ ነው ያልኩት፣ በእግር ቢበዛ ሦስት ደቂቃ። እዚያ መስመር የነበሩት ጁስ ቤቶች ግን ያችን ሦስት ደቂቃ አልቻሏትም፣ ተራ በተራ ዘጉ። መጫኛው አዲስ በሄደበት ቦታ የነበረ አንድ ገበያው የሞተ ኮስሞቲክስ ቤት ደግሞ በአንድ ክረምት ዳቦ ቤት ሆኖ አሁን ሰው ሞልቶታል። ስለዚህ ሰልፍ አለ ብለሽ ብቻ አትያዢ፣ ይቆያል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ማንን? ደላላውን አይደለም። ተራ አስከባሪዎቹን። ሻይ ጋብዢያቸው፣ የታክሲው ታፔላ (መስመሩ የተጻፈበት ሰሌዳ) ሊቀየር ነው፣ መጫኛው ሊነሳ ነው የሚለውን ከማንም በፊት የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ከዚያ ክፍለ ከተማ ሄደሽ ቦታው መልሶ ማልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱን አጣሪ፣ ሜክሲኮ እንደ ቤቱ አቀማመጥ ልደታም ቂርቆስም ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ። ካዛንቺስም "እዚህ አይነካም" ይባል ነበር፣ በ2017 ሰዉ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ተነሳ።

ስትመለከቺ ደግሞ ደመወዝ የወጣበትን ሳምንት ብቻ አትዪ። ወር በገባ በ20 እና በ25 መካከል ሂጂ፣ ኪስ ሲደርቅ ሰው ምን እንደሚገዛ ያኔ ይታያል። ዝናብ ሲዘንብም ሂጂ። ክረምት ላይ ሰልፉ ይበተንና በረንዳ ያለው ቤት ሥር ይጠለላል፣ በረንዳ ካለሽ ያ ሁሉ ሰው የአንቺ ነው። እና ጾም እንዳትረሺ፣ ሁዳዴ ላይ የማኪያቶ ሽያጭ በግማሽ ይወድቃል፣ ሻይና የጾም ሳምቡሳ ነው የሚያወጣሽ።

ውሉ ላይ ጨክኚ። አከራዩ የይዞታ ካርታውን ያሳይሽ፣ በስሙ ካልሆነ ውክልናውን። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። "ቤቱ ለልማት ከተነሳ ያልተኖረበት ወር ኪራይ በሙሉ ይመለሳል፣ ተከራይዋ ያስገባችውን ዕቃ ሁሉ ነቅላ ትወስዳለች" የሚል አንቀጽ አስገቢ። እኔ ሜክሲኮ ስገባ ይህን አስገብቻለሁ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጡ፣ በኋላ ፈረሙ። የማይፈርም ካለ ምናልባት የሚያውቀው ነገር አለ። የስድስት ወር ቅድሚያ ከሚጠይቅሽ ጋር ደግሞ ሦስት ወር ላይ ተሟገቺ። ለምግብ ቤት ብቃት ማረጋገጫ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ውሃና መጸዳጃ ነው መጀመሪያ የሚያዩት፣ ጠባቡ ሱቅ መጸዳጃው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት ያንን ጨርሺ። ሴራሚኩን፣ የእንጨት ሥራውን፣ ኮርኒሱን እንዳታበዢው፣ ነቅለሽ የማትወስጂው ነገር ላይ የወጣ ብር የአከራዩ ነው።

በመጨረሻ የቡና ማሽኑን ከዱባይ ላስመጣ ወይ ብለሽ ነበር። አታምጪ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የማሽን ዋጋ ሌላ ሆኗል፣ ቀረጥና ትራንዚት ሲጨመርበት ያጠራቀምሽውን ይበላዋል። መሀል ከተማ የተዘጉ ካፌዎች ማሽን በየቦታው እየተሸጠ ነው፣ ባለሁለት እጅ የጣሊያን ማሽን ያገለገለ ፈልጊ። ከመክፈልሽ በፊት ጠጋኝ ይዘሽ ሂጂ፣ ቦይለሩን ያስከፍትልሽ፣ ኖራ ይዞ እንደሆነ ይነግርሻል። የእኔ ጠጋኝ ጎበዝ ነው፣ ስልኩን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ግን ቀጠሮ አያከብርም፣ ለጠዋት 2 ሰዓት ከፈለግሽው ለ1 ሰዓት ቅጠሪው።