ግብዣው ደርሷል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የምንማማር አሥራ ሁለት ፕሮግራመሮች ነን። የሁለታችን ገለጻ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ በሚካሄድ ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቷል። አዘጋጆቹ መግቢያውን በነጻ ሰጥተውናል፤ የጉዞ ወጪውን የሚመልሱት ግን ከጉባኤው በኋላ ነው። ገንዘቡን እንዴት እናሰባስብ? *ከፖሊ የተመረቅን ልጆች*

መልስ፦ ከብሩ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜን ከ15 ወደ 45 ቀን አርዝሞታል። ጉባኤው ሐምሌ 7 ቢጀመር 45 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ግንቦት 22 ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ የቀጠሮው ወረፋ አለ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ስለሚቀበሉ መጋቢት መጨረሻ ላይ ፋይሉን አስገቡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የጉባኤው የጉዞ ድጋፍ ውሳኔ እስኪነገራቸው ሲጠብቁ ነው፤ መልሱ ሲመጣ ቪዛው አይደርስም። በግብዣ ደብዳቤውና እዚሁ በተገኘ የስፖንሰር ደብዳቤ አመልክቱ።

ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ወጥቶ የማይመለሰው ነው፦ የቪዛ ክፍያ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ (ቢከለከልም አይመለስም)፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ ለአሻራና ፓስፖርት ለመቀበል የሚደረግ የአዲስ አበባ ምልልስ። ይህን በመዋጮና በልገሳ ሸፍኑት። ሁለተኛው ቲኬትና ማደሪያ ነው፤ ይህ ውሎ አድሮ ስለሚመለስ ልመና አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ብድር ነው። ለዚህ ከዕቁብ የተሻለ መንገድ የለም። ለምሳሌ ቲኬቱ 120,000 ብር ቢሆን፣ አሥራ ሁለት ሰው በወር 10,000 ብር ቢጥል የአንድ ዙር ዕቁብ አንድ ቲኬት ይገዛል። የግንቦትና የሰኔ ዙር ያለ ዕጣ ለሁለቱ ተጓዦች ይሰጥ፤ ወጪው ሲመለስላቸው የቀረባቸውን ይጥሉበታል። 10,000 የሚከብድ ከሆነ ከጥር ጀምሮ በትንሽ በትንሹ አጠራቅሙ። የሚመለሰው ዩሮ ስለሆነና ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ልዩነቱ ለማን እንደሚሆን ቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ጻፉት። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ የተቀያየመ ቡድን ጥቂት አይደለም።

ለልገሳው ክፍል የባሕር ዳር ድርጅቶችን ጥሬ ገንዘብ አትጠይቁ። የጣና ዳር ሆቴሎችን አዳራሽ ጠይቁ። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ለእናንተም ወቅቱ ይገጥማል። እዚያ ሠላሳ ተማሪ እያንዳንዱ 800 ብር ከፍሎ እናንተ የምትሰጡትን የአንድ ቀን ሥልጠና ቢወስድ 24,000 ብር ነው፤ ከፋዩም ያወጣበትን ዕውቀት ይዞ ይሄዳል። መርዳት የሚፈልግ ኩባንያ ካለ ቲኬቱን ራሱ በቀጥታ ለአየር መንገዱ እንዲከፍል አድርጉ፤ ለእሱም ደረሰኙ ንጹሕ ይሆንለታል።

የተሰበሰበውን በሦስት ሰው ስም በተከፈተ፣ በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ አስቀምጡ። በተጓዡ የግል ሒሳብ በፍጹም አታስገቡ። ኤምባሲው የወራት የባንክ መግለጫ ያያል፤ ከማመልከቻው ሳምንት በፊት ድንገት የገባ ዳጎስ ያለ ብር ጥርጣሬ ያስነሳል። ሰፊውን ሕዝብ ለመጠየቅ ካሰባችሁ ግን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር ሁኑ።

ቲኬት ቪዛ ሳይታተም አይገዛም፤ ለማመልከቻው የቦታ ማስያዣው ወረቀት ይበቃል። ስም ላይ ደግሞ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የኛ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ጉባኤው በምዝገባ ቅጹ አያትን ጽፎ ፓስፖርቱ አባትን ከጻፈ ወይም በላቲን አንድ ፊደል ቢለያይ፣ ግብዣው፣ መድኑና ቲኬቱ የተለያየ ሰው ይመስላሉ። ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ። የሥራ ደብዳቤው ቀንም በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ፤ በእኛ ዓመተ ምሕረት ከተጻፈ ጊዜው ያለፈበት ይመስላል።

ወጪ በሚመለስበት ጊዜ ቅጹ አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ ሒሳብ) ቁጥር ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ይህን አትጠቀምም። የባንኩን ስዊፍት ኮድ (ዓለም አቀፍ መለያውን) እና የሒሳብ ቁጥር ስጡ፣ የኢንተርኔት ክፍያው ፔይፓል እዚህ ገንዘብ እንደማያስገባም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የመሳፈሪያ ወረቀቱን አትጣሉ፤ ያለሱ የማይከፍሉ አሉ። ቪዛው ቢከለከል ደግሞ ኪሳራው የቡድኑ ይሁን። ልጁ ተስፋው ተቆርጦ ሳለ 90 ዩሮውን ብቻውን መሸከም የለበትም።

ጥያቄ፦ ብራስልስ የሚካሄደው የክፍት ሶፍትዌር ጉባኤ ፎስዴም ነጻ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ወጪው ይቀልልኛል? *ከቀበሌ 14*

መልስ፦ መግቢያው በእርግጥ ነጻ ነው፤ ምዝገባም የለውም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው፦ ስላልተመዘገቡ ለኤምባሲ የሚያሳዩት ማረጋገጫ አይኖርዎትም። ገለጻ አስገብተው ተቀባይነት ቢያገኙ ያ ደብዳቤ ማስረጃ ይሆንዎታል። እንደ ተመልካች ብቻ ለመሄድ ከሆነ አሠሪዎ ሥራዎንና የሚመለሱበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጽፍልዎት ይገባል። ቲኬቱና ማደሪያው ግን እንደማንኛውም ጉዞ ነው።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ካልተቻለስ? *ዘጌ*

መልስ፦ አፍሪካ ውስጥ ያሉትን አስቀድሙ። ለኬንያ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም፤ ይህ ብቻውን ሁለት ወርና የቪዛውን ገንዘብ ያድናል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየአገሩ የሚዞረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ በ2019 ናይሮቢ ነበር። የፓይተን ጉባኤው ፓይኮን አፍሪካ በዚያው ዓመት አክራ ላይ ተጀምሯል። ታላቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ አይ.ሲ.ኤል.አር በ2020 አዲስ አበባ ሊካሄድ ታስቦ በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት ሆነ፤ በ2023 ግን ኪጋሊ ገብቷል።

የጉዞ ድጋፍ ማመልከቻ ሲሞሉ የመዝጊያውን ሰዓት ልብ ይበሉ። «በምድር ላይ የትም ቦታ» (Anywhere on Earth) የሚል ከሆነ በዕለቱ መጨረሻ የሚዘጋው በእኛ በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59 ነው። በግሪንዊች ሰዓት የተጻፈ ከሆነ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያበቃል።