ጋቢውን ሳታጥቡት ጠይቁ

ውጭ አገር ስኖር 28 ዓመት ሆነኝ። ከሁሉ የሚቆጨኝ አንድ ቡልኮ ነው።

የወንድ አያቴ ነበር። እናቴ ከቢቸና በሰው እጅ ላከችልኝ። አንዱ ጥግ ላይ በወፍራም ክር የተጣፈ እራፊ ነበረው፤ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል። እኔ ቆሻሻ መሰለኝ። ማሽን ውስጥ ከተትኩት፣ በረኪና ጨመርኩበት። እራፊው ተፈትቶ ወጣ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አክስቴ በስልክ ነገረችኝ። አርበኛው በላይ ዘለቀ በተዋጋበት አገር፣ በጣሊያን ጊዜ፣ አያቴ ያንን ቡልኮ ለብሶ ቆስሏል። ቀዳዳው ጥይቱ ያለፈበት ነው። የጣፈችው ሚስቱ ናት። ሴት አያቴ ቀጭን ፈታይ ነበረች፤ ብትፈልግ ስፌቱ እንዳይታወቅ ማድረግ አያቅታትም። ወፍራም ክር የመረጠችው እንዲታይ ብላ ነው።

ጎረቤቴ ቺሌያዊት ናት። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሰፋ ሥዕል ሰቅላለች፤ አርፒዬራ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒኖቼ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ልጅና ባል የጠፋባቸው ሴቶች የደረሰባቸውን እንዲህ ይሰፉት ነበር። የኛ እናቶች ወታደርና እስር ቤት በጨርቅ ላይ አይሥሉም። ስለዚህ ልብሳቸው ምንም የማይናገር ይመስለናል።

ይናገራል። ጥጡን የምትፈለፍል፣ የምታባዝት፣ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ናት። ሸማኔው ይሸምነዋል እንጂ ፈትሉ የሷ እጅ ነው። አክስቴ ጋቢ በጣቷ ዳብሳ «ይሄ የእንትና ፈትል ነው» ትላለች። ለቅሶ ቤት ነጠላው ይገለበጣል፤ ጥለቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሐዘኑ ሲጠና ከል ይለበሳል፤ ከሉ የሚቆይበት ጊዜ የሞተው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ይነግራል። አስከሬኑ ያልተገኘ ዘማች ደግሞ ልብሱ ወጥቶ ይለቀስለታል። እዚያ ቦታ ላይ ጋቢው ሰውየው ራሱ ነው።



እባካችሁ፣ አገር ቤት ስትገቡ የእናታችሁን ሳጥን አስከፍቱ። ባዶ እጇን ቁጭ አድርጋችሁ «የጦርነቱን ጊዜ ንገሪኝ» ብትሏት «ምን አለና ልጄ» ብላ ታልፈዋለች። ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጉላት። ማን ፈተለው? ለማን? መጨረሻ የለበሰው የት ሲሄድ ነው? እጇ ጨርቁን ሲያገኝ አፏ ይከፈታል። ያን ጊዜ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፅዋን ቅዱ። የነገረቻችሁን በአጭሩ በነጭ ጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ከጥግ ስፉት። ወረቀት ይጠፋል።

በረኪና አታስነኩት። ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፌስታል ውስጥ አታፍኑት። ለትራስ ልብስ ብላችሁ አትቁረጡት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ ባለው ጦርነት ከል የለበሱ እናቶችና እህቶች ብዙ ናቸው። ስልክ ስንደውል ጭንቀታችንን ለማቅለል ብለን «በቃ አውልቂው» እንላለን፤ ጥበብ ቀሚስ እንልካለን። ይህን አታድርጉ። የምታወልቅበትን ቀን እሷ ታውቀዋለች። ይልቅ ስለ ሞተው ልጅ ጠይቋት፤ ስሙን ጥሩላት።

ቡልኮው አሁንም ቤቴ አለ፣ ከነቀዳዳው። አክስቴ ክር ፈትላ ልትልክልኝ ነው። ዓይኗ ቢደክምም እንዝርቷን አልተወችም። «ቀጭን አድርጌ እልክልሃለሁ የኔ ጌታ» አለችኝ። ወፍራም ይሁን አልኳት።