የአይፒ አድራሻ ይዛችሁ በር ከማንኳኳታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በጉርብትና የማውቃችሁና ኮምፒዩተር ተምራችሁ የዲጂታል ወንጀል መርማሪ ለመሆን ያሰባችሁ ወጣቶች ከሥራው ምኑ እንደሚከብድ ስለጠየቃችሁኝ ይህን ጽፌላችኋለሁ።

እንደ ቢትቶረንት ባሉ መረቦች ፋይሉ ተቆራርጦ ከብዙ ኮምፒዩተሮች ስለሚመጣ፣ የሚያወርድ ሰው ያወረደውን እዚያው ለሌሎች ያካፍላል፤ የተካፋዮቹም አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚለዩበት ቁጥር፣ ለማንም ይታያል። ጀማሪ መርማሪ ይህን ሲያይ ጥፋተኛውን የያዘ ይመስለዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምንም ፋይል ያላወረዱ ፕሪንተሮች ሳይቀሩ የቅጂ መብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው ማድረግ ችለዋል፤ ማስጠንቀቂያውን የላኩት ክትትል አድራጊዎች በተካፋዮች ዝርዝር የሰፈረውን አድራሻ አመኑ እንጂ ፋይሉ በእርግጥ ከዚያ ይወጣ እንደሆነ አልፈተሹም። ስለዚህ የሕግ ሥልጣን ሲሰጣችሁ ቁራጮቹን ከዚያ ኮምፒዩተር ብቻ ተቀብላችሁ ሃሻቸውን፣ ማለትም ከይዘታቸው የሚሰላውን መለያ ቁጥር፣ አመሳክሩ። የሕፃናት ጥቃት ምስልን ግን ያለ ሥልጣን ፈጽሞ አትፈልጉ፣ አታስቀምጡ፤ ምስሉ በታየ ቁጥር ልጁ ዳግም ይበደላልና።

ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁ የሰዓትን ነገር ነው። የመረቡ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይያዛል፤ የእኛ አገር ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ደግሞ 6 እንቀንሳለን። መዝገቡ 15፡20 ካለ በእኛ ከምሽቱ 12፡20 ነው፤ የአድራሻውን ባለቤት ለመጠየቅ ለኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው በምትልኩት ደብዳቤ ላይ «12፡20» ብቻ ብትጽፉ ግን የሚቀበላችሁ ባለሙያ ቀትር አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉ። አንድን የአደባባይ አድራሻ፣ ማለትም ከውጭ የሚታየውን አይፒ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ደንበኞች ሊጋሩት ስለሚችሉ፣ የፖርት ቁጥሩ (በአንድ አድራሻ ላይ ግንኙነቶችን የሚለየው ቁጥር) እና ሰከንዱ ካልተጠቀሰ የሚመለስላችሁ ስም የሌላ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቤተሰብ ደግሞ ሌሊት በፖሊስ ሲቀሰቀስ ምን እንደሚሰማው አስቡ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት፣ ወዴትና መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛልና ጥያቄያችሁን አታዘግዩ።

ስሙ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚነግራችሁ ሒሳቡን የሚከፍለውን ሰው ነው። እንደ እኛ ባሉ ሕንጻዎች ጎረቤታሞች አዋጥተው አንድ ዋይፋይ ሊያስገቡ፣ የይለፍ ቃሉንም የደረጃው ልጆች ሁሉ ሊያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ ቤት ስትገቡ ራውተሩን ከመንቀላችሁ በፊት የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ፎቶ አንሡ፤ ኃይል ሲቋረጥ ሊሰረዝ ይችላል። የመስመሩንም ባለቤት በጎረቤቶቹ ፊት ተጠርጣሪ ብላችሁ አትጥሩ፤ ነጻ መሆኑ በኋላ ቢረጋገጥም፣ በደረጃው ላይ ቆሞ የሰማ ሁሉ ማረጋገጫውን አያይም።