«መቼ ያልቃል?» ለሚላችሁ አንድ ቀን ብቻ አትንገሩ

በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፣

አሠሪው «መቼ ያልቃል?» ሲላችሁ ቶሎ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ቀን አንዳች እንቅፋት ካልገጠመ ብቻ የሚደረስበት ነው። እሱን ከተናገራችሁ በኋላ ማስመለስ የለም።

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ለገሃር ባለው ሰፈር የምድር ቤት ቁፋሮ ያዛችሁ እንበል። ፎርማኑንና የኤክስካቫተር ኦፕሬተሩን ለየብቻ ሦስት ቁጥር ጠይቁ፤ አብረው ከተጠየቁ አንዱ የሌላውን ይደግማል። ከቀና 20 ቀን፣ እንደወትሮው 30፣ ከከፋ 70 አሉ እንበል። 30ን በ4 አባዙ፣ 20ና 70ን ደምሩበት፣ ለ6 አካፍሉ፤ 35 ይሆናል። ፐርት የሚባለው ስሌት ይህ ነው። እኔ ግን ከስሌቱ አብልጬ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው፦ «ወደ 70 ቀን የሚያደርሰው ምንድን ነው?»

ካርታ ላይ የሌለ የውሃ ቧንቧ፣ የቴሌ ኬብል፣ ጥቁር አፈር፣ ዝናብ ይሏችኋል። እነዚህን አንድ ላይ አትጻፉ። ቧንቧውና አፈሩ ዛሬም እዚያው መሬት ውስጥ አሉ፤ የማናውቃቸው ስላላየናቸው ነው። ማሽን ከመግባቱ በፊት መስመር ያልፍባቸዋል በተባሉ ሦስት አራት ቦታዎች በእጅ አስቆፍሩ። የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ ባለሙያዎች መጥተው መስመራቸውን እንዲያሳዩ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ያሳዩአችሁን በኖራ አስምሩ። ወጪው የጥቂት ቀን ሠራተኞች አበል ነው፤ የተበጠሰ ኬብል ግን ሥራውን ሁሉ ያስቆማል።

ዝናብና የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ግን በቁፋሮ አይታወቁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ሊፍት ወይም ጄኔሬተር የብር ዋጋው በአንድ ጊዜ ዘለለ። ለእንዲህ ያለው መጠባበቂያ ያዙ፤ ግን በአንድ ቦታ፣ በግልጽ። በየሥራው ሥር አምስት አምስት ቀን ከደበቃችሁ ሁሉም የራሱን ይበላና ለክረምቱ የሚተርፍ አይኖርም። የአሥር ቀን መዘግየት ደግሞ ሁልጊዜ አሥር ቀን አይደለም፤ ከግንቦት ወደ ሰኔ የተሻገረ ክፍት ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ዳሩ ይናዳል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስጋት ጎን ቀንና የሰው ስም ጻፉ፦ «እስከ ግንቦት 15 መሠረቱ ኮንክሪት ካልተሞላ፣ የሳይት መሐንዲሱ በማግስቱ ፓምፕና የዳር ድጋፍ ያዛል።» የግዢው ፈቃድም ከወዲሁ ተፈርሞ ይቀመጥ፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ፊርማ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መዞር አይገባም።