ክስ ከመጻፋችሁ በፊት፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ክስ መጻፍ ማለት ተከሳሹን ማስጨነቅ ከመሰላችሁ ገና ከጅምሩ ተሳስታችኋል። ሮማውያን «አኩሳቲዮ» (ክስ) ያሉት ሥርዓት በቅድሚያ በኃላፊነት የሚያስረው ከሳሹን ነበር። አባቶቻችን በሙግት አደባባይ «ተጠየቅ፣ ልጠየቅ» ይሉ ነበር፤ እኔ ጠያቂ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። አገሩ ቢራራቅም ሐሳቡ ይገናኛል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ149 በተጀመሩት የሮም ቋሚ የወንጀል ችሎቶች ዐቃቤ ሕግ አልነበረም፤ የሚከሰው ዜጋው ነው። ከሳሹ መጀመሪያ ችሎቱን የሚመራውን ፕሬቶር ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለት ከሳሾች ከተሻሙ ማን እንደሚሻል ለብቻው ይታያል፤ ዝነኛው ተሟጋች ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 የሲሲሊያ ገዥ የነበረውን ቬሬስን ለመክሰስ ተሻሚውን ቄኪሊዩስን በዚህ መንገድ ማሸነፍ ነበረበት። ከዚያ የተከሳሹ ስም ይቀርባል፣ ክሱ ይጻፋል፣ ከሳሹ ይፈርማል፣ ፕሬቶሩም ይቀበላል።

የክሱን አጻጻፍ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ሐዋርያው ሳይሆን የሕግ ሊቁ ጳውሎስ የተወው ናሙና ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኑስ ባሰባሰበው የሕግ ሊቃውንት ጽሑፍ፣ በ«ዲጄስታ» ውስጥ ይገኛል። ሐሳቡ ይህ ነው (ስሞቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ ዓመቱም የሚጠራው በዓመቱ ከፍተኛ ሹማምንት፣ በቆንስሎቹ ስም ነው)፦ በእነእገሌ ቆንስልነት፣ በዚህ ቀን፣ በእገሌ ፕሬቶር ፊት፣ ሉኪዩስ ቲቲዩስ ሜቪያን በዩልያ የዝሙት ሕግ ይከሳል፤ ከጋይዩስ ሴዩስ ጋር፣ በዚህ ከተማ፣ በእገሌ ቤት፣ በዚህ ወር አመንዝራለች ይላል። ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ሰው፣ ቦታና ወር ግን ሊቀሩ አይችሉም፤ እነዚህ ከሌሉ ተከሳሹ «ያን ጊዜ እዚያ አልነበርኩም» ብሎ መከላከል አይችልምና። ከሳሹ ፊደል ካልቆጠረ ሌላ ሰው ይፈርምለታል። አጻጻፉ ከጎደለ የተከሳሹ ስም ይሰረዝና ክሱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከሳሹን የሚያስጠይቁት ሦስት ጥፋቶች ናቸው። አንዱ አውቆ በሐሰት መክሰስ ነው። ሁለተኛው እውነተኛውን ወንጀል ሸሽጎ ከተከሳሹ ጋር መመሳጠር ሲሆን፣ «ፕሬቫሪካቲዮ» ይባላል። ቃሉ ወደ ፍርድ ቤት የገባው ከእርሻ ነው ይላል ሮማዊው ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒዩስ፤ ጎንበስ ያላለ አራሽ ትልሙን ያጣምማል። እኛስ «ፈሩን ሳተ» እንል የለ! ሦስተኛው ከጀመሩት ክስ ጀርባ ሰጥቶ መሸሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ61 የወጣው «ቱርፒሊያኑም» የተባለ የሮም ሴኔት ውሳኔ የሚቀጣው ይህንን ነበር። ስለዚህ ማስረጃችሁን ሳትመዝኑ አትፈርሙ፤ ከፈረማችሁ ደግሞ አትጥፉ።

ስም የለሽ ጥቆማ ሲመጣላችሁ የሮም ንጉሠ ነገሥት ትራያኑስ ለአገረ ገዥው ለታናሹ ፕሊኒዩስ የጻፈውን አስታውሱ፦ ባለቤት የሌለው ጽሑፍ በየትኛውም ወንጀል ቦታ አይሰጠው። ክርስቲያኖችን በሚያሳድድ መንግሥት ዘመን የተጻፈ መሆኑ ይበልጥ ያስገርመኛል። ሮማዊው አገረ ገዥ ፊስጦስም በሐዋርያት ሥራ 25፥16 ተከሳሽ ከከሳሾቹ ፊት ለፊት ሳይቆምና መልስ ሳይሰጥ አሳልፎ መስጠት የሮማውያን ሥርዓት አይደለም ይላል።

የላቲኗ (የሮም ካቶሊክ) ቤተ ክርስቲያን ይህን ወርሳ እ.ኤ.አ. በ1215፣ በአራተኛው የላተራን ጉባኤ 8ኛ ቀኖና፣ ሦስት መንገድ ለየች። ክስ ከሆነ የተፈረመ ጽሑፍ ይቀድማል። ጥቆማ ከሆነ በማቴዎስ 18፥15 እንደተጻፈው የፍቅር ተግሣጽ ይቀድማል። ምርመራ ከሆነ ደግሞ ብርቱ ወሬ ሊቀድም ይገባል፤ የአንድ ጠላት ሹክሹክታ አይበቃም። በምርመራውም የክሱ ነጥቦች ለተመርማሪው ይነገሩታል፤ የምስክሮቹ ቃል ብቻ ሳይሆን ስማቸውም ይገለጥለታል።