60 ገዝተን 41 ብቻ ቆጠረልን፦ የቆጠራ ሰሞን ጥያቄዎቻችሁ

ሰኔ ሲደርስ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ቆጠራ ነው። ንብረት ክፍል መዝገቡን ይዞ ይዞራል። የአይቲው ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ በስልኩ መብራት ሲሪያል ቁጥር ያነባል። ዘንድሮ ከከተማው ዳር ዳር የጻፋችሁልኝ ብዙዎቻችሁ ኔትወርክ ላይ ያለውን ዕቃ ስለሚቆጥር ሶፍትዌር ነው የጠየቃችሁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድብ ያለበትን ደግሞ አጥቤዋለሁ።

ከኮዬ ፈጬ

አንድ የትምህርት ቤት የአይቲ መምህር፦ 60 ኮምፒውተር አለን፣ ሶፍትዌሩ ግን ኔትወርኩን ፈትሾ 41 ብቻ ነው ያገኘሁት ይላል። ርእሰ መምህሩም "19ኙ የት ገቡ?" እያሉ እኔን እኔን ያዩኛል።

አይደንግጡ። ሶፍትዌሩ አልዋሸም፣ እርስዎም አልሰረቁም። እሱ የሚቆጥረው "አቤት" ያለውን ብቻ ነው። በየአድራሻው እየዞረ ይጣራል። እንደናንተ ባለ ኔትወርክ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው 254 አድራሻ ነው። ለመለሰለት ምልክት ያደርጋል፣ ዝም ያለውን የለም ብሎ ያልፋል።

ዝም የሚያሰኘው ነገር ግን ብዙ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ፈትሸው ከሆነ ግማሹ ኮምፒውተር ጠፍቷል። መብራት ስለመሄዱ እኔ ለኮዬ ፈጬ ሰው አልናገርም። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት፣ በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ይፈትሹ። ሌላው ፋየርዎል ነው፣ የኮምፒውተሩ ዘበኛ። ዊንዶውስ ኔትወርኩን "ፐብሊክ" ብሎ ከያዘው ለፒንግ፣ ማለትም ለዚያ "አለህ ወይ?" ለሚለው ጥሪ፣ አይመልስም፤ ቤት እያለ በሩን ቆልፎ ዝም እንዳለ ሰው ነው። በፒንግ ብቻ ሳይሆን ፋየርዎሉ በማይከለክለው ሌላ ጥሪ፣ በኤአርፒም የሚፈትሽ ሶፍትዌር ከሆነ ግን እዚያው ኔትወርክ ላይ እስካሉ ድረስ ይይዛቸዋል።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ "ገመዱ አልደረሰም" ተብሎ ከሱቅ የተገዛ የዋይፋይ ራውተር የለም? ከጀርባው አራት ቀዳዳና አንድ ለብቻው የተቀለመ አምስተኛ ያለው። ገመዱ በዚያ በአምስተኛው ከገባ ከራውተሩ ጀርባ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ አድራሻ ተከልለው ነው የሚወጡት። ሶፍትዌሩም ራውተሩን አንድ ዕቃ ብሎ ቆጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። 19 ማለት ደግሞ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ክፍል ነው። ከ41ዱ ውስጥ የራውተር አምራች ስም የተጻፈበት ካለ ያዙት። ማክ አድራሻ የሚባለው፣ ዕቃው ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት መለያ ቁጥር፣ 48 ቢት ነው፣ የመጀመሪያው 24 የአምራቹን ማንነት ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለርእሰ መምህሩ ግን ለጊዜው አይንገሯቸው። ከ41ዱም ውስጥ የመምህራን ስልክ ሊኖር ይችላል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛ ማክ አድራሻቸውን ደብቀው የፈጠራ ይሰጣሉ፤ አምራቻቸው አይታወቅም። ስለዚህ የጠፋብዎት ከ19ም ሊበልጥ ይችላል።

ከሱሉልታ

"ኢንቬንተሪ" በአማርኛ ምን ይባላል?

ቆጠራ።

ከሰበታ

የአንድ ፋብሪካ ንብረት ኃላፊ፦ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ጥቀስልኝ፣ የቱ ነው የሚሻለው?

ምን ሊቆጥሩበት ነው? ጂኤልፒአይ ከፈረንሳይ የመጣ፣ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው። በየኮምፒውተሩ ላይ ኤጀንት የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ይጫንና ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ የተጫነውን ሶፍትዌር ሁሉ እየለቀመ ይልካል። ስናይፕ አይቲ በራሱ ኔትወርክ አይፈትሽም። የእሱ ጉዳይ ዕቃው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። እንደ ንብረት ሰው ቶሎ ይገባዎታል፤ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጹ) ኮምፒውተር ላይ ወጣ ይበሉት። ኔትቦክስ ደግሞ የትኛው ገመድ ከየትኛው ስዊች (ገመዶቹን ከሚያገናኘው ሳጥን) የትኛው ቀዳዳ እንደገባ ሳይቀር ይመዘግባል። ለ30 ኮምፒውተር ኔትቦክስ መትከል ለጓሮ ጎመን ትራክተር መከራየት ነው። እንዲያውም ከ30 ካልበለጡ በሥርዓት የተያዘ ኤክሴል ይበቃዎታል። ሶፍትዌር ሻጮቹ ይቀየሙኝ።

መጫኑ ከከበደዎት ሊኑክስ የሚችል ልጅ ፈልጉ። አይጠፋም።

ከገላን

የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ ያለ ወጣት፦ አምና ጥር የገዛነውን ፕሪንተር የሁለት ዓመት ዋስትና አለው ብዬ አስገባሁ። ሶፍትዌሩ ዋስትናው ካለቀ 7 ዓመት አልፎታል አለኝ። ቫይረስ ይሆን?

"ጋሼ" ብለህ ስለጻፍክልኝ አንተ ልበልህ። ቫይረስ አይደለም፣ ቀን መቁጠሪያ ነው። ሞዴል 19ኙ (የንብረት ገቢ ደረሰኙ) ላይ 2017 ይላል፣ አንተም 2017 ብለህ አስገባህ። ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን 2017 ነው። ቀን በሚለው ሳጥን የፈረንጁን ቀን ጻፍ። የኢትዮጵያውን ቀን ከሞዴል 19 ቁጥሩ ጋር ማስታወሻው ውስጥ አስቀምጠው፤ ኦዲተሩ የሚፈልገው እሱን ነው። ዓመቱን ብቻ በ8 ጨምሬ ልገላገል እንዳትል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ምናምን ልዩነቱ 7 ነው።

ከአቃቂ

12 ኮምፒውተር አስገብቼ ዝርዝሩ ላይ የሚታየኝ አንድ ብቻ ነው።

የተገጣጠሙ ናቸው፣ አይደል? ሲሪያል ቁጥራቸውን እዩት፤ 12ቱም "ዲፎልት ስትሪንግ" ይላል። ቦርዱ ሲሠራ ቁጥር የሞላለት የለም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በሲሪያል የሚለይ ከሆነ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። በማክ አድራሻ እንዲለይ አስተካክሉት፣ የራሳችሁንም ቁጥር በስቲከር ለጥፉ። ስቲከሩ ሳጥኑ ላይ እንጂ በሚነቀለው ክዳን ላይ አይሁን። ክዳን ይለዋወጣል፤ ደርሶብኛል።

ከቡራዩ

ሶፍትዌሩ "ኮሚኒቲ ስትሪንግ" አምጣ ይለኛል።

ስዊቹ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ኤስኤንኤምፒ የሚባል መንገድ አለ፤ ኮሚኒቲ ስትሪንግ የዚያ መንገድ የይለፍ ቃል ነው። ብዙ ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ "ፐብሊክ" ተብሎ ነው የሚመጣ። ይቀይሩት። ስዊቹ ቨርዥን 3 የሚችል ከሆነ እሱን ይጠቀሙ፣ 1 እና 2 ቃሉን ሳይደብቁ በገመዱ ላይ ይልኩታል።

ከለገጣፎ

የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፦ የአይቲ ሠራተኛችን ለቀቀ። የዕቃው ዝርዝር በእሱ ጂሜይል ነው የተከፈተው፣ ፓስወርዱ በጭንቅላቱ ነው። ውድ ሶፍትዌር ብንገዛ ይገላግለናል?

አይገላግላችሁም። ለምን እንደሆነ በራሴ ጥፋት ላስረዳዎት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃሊቲ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ለቆጠራ ጠሩኝ። የአይቲው ልጅ ከለቀቀ ወር ሆኖታል። ሶፍትዌር አላቸው፣ ዝርዝሩም ያምራል። አንዱ መስመር ላይ "ስዊች 3፣ ቦታ፦ የድሮው ቢሮ" ይላል። የድሮው ቢሮ የቱ ነው? የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት የጽዳት እናት "ልጁ እዚያ ቁም ሣጥን ላይ ሲንጠላጠል አይቼዋለሁ" አሉኝ። ወጣሁ። ኮርኒሱን ገፋ ሳደርግ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች፣ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ገመዶቹ በፕላስተር ታስረው ብልጭ ብልጭ ይላል። ሲሪያሉ ከሥሩ ነው። ገልብጬ ላነብ መብራቱን ነቀልኩት።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከታች የሒሳብ ክፍል ሰዎች እየሮጡ መጡ። ወሩ 28 ነበር፣ ደመወዝ እየሠሩ ነበር። ለለቀቀው ልጅ ስንደውልለት ሳቀ። "እሱን እንዳትነኩት" አለ።

"እንዳትነኩት" የሚለው ቃል ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ሶፍትዌር ሞዴሉን፣ ሲሪያሉን፣ አድራሻውን በራሱ ያመጣል። የት እንዳለ፣ ማን እንደሚሠራበት፣ ቢነቀል ማን እንደሚጮህ ግን ሰው ካልጻፈው አያውቀውም። እነዚህን ሦስቱን የሚጽፍ ሰው ከሌላችሁ ውድ ሶፍትዌር የምትገዙት ባዶ ሳጥን ለማየት ነው።

ደግሞ ልጁን ብቻ አልወቅስም። ሲለቅ ክሊራንስ አዙሯል። ላፕቶፑን፣ ባጁን፣ ወንበሩን መልሷል ተብሎ ተፈርሞለታል። ፓስወርዱን የጠየቀው ማን ነው? ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይግባ፣ በተቀየረ ቁጥርም ፖስታው ይቀየር። ሁለተኛ ሰውም ይልመደው፤ የንብረት ክፍሏ ልጅ ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ከአይቲው ይልቅ ዕቃው የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

ለአሁኑ መጀመሪያ ልጁ ጋ ይደውሉ። በጨዋ ደንብ። ተቀያይማችሁ ከሆነ ሽማግሌ ይላኩ፣ ከአዲስ ሶፍትዌር ይረክሳል። እምቢ ካለ ደግሞ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፦ ማንም ሰው በስክሪብቶ ጫፍ የስዊቹን ወይም የራውተሩን ሪሴት እንዳይጫን። ፓስወርዱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ሲስተካከል የኖረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ የቆጡን አወርድ ብላ እንዳይሆን። የኔትወርክ ባለሙያ ይቅጠሩ፣ ገንዘብ ይክፈሉት፣ ሲሠራም የሚጽፍ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

ከአያት

ቆጠራ የሚሠራው ኤጀንት የሠራተኛውን ስክሪንም እንዲያሳየኝ አለቃዬ አዘዘኝ።

ያ ቆጠራ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የድርጅቱ ጠበቃ አንብቦ በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥዎት ምንም አይጫኑ። በጽሑፍ ያልኩት በምክንያት ነው። ነገር ሲመጣ "እኔ አላዘዝኩም" የሚል አለቃ አይቻለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም

የጎረቤቴን ዋይፋይ ፓስወርድ በሆነ መንገድ አግኝቻለሁ፤ ገብቼ ስንት ዕቃ እንዳለው ለልምምድ ብቆጥርስ?

"በሆነ መንገድ" ያልከውን እንዳላየሁ ልለፈው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን አያልፍህም። የራስህን ቁጠር።

ከገርጂ ወደ ለሚ መውጫ

ዊንዶውስ 10 ያሉትን ለይቼ ልመዝግብ?

አዎ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው።

ከቂሊንጦ

ስቲከር ልለጥፍ የስዊቹን ራክ (ስዊቹ የተገጠመበትን የብረት መደርደሪያ) ስነካው ነዘረኝ። ሁለት ጊዜ። ሶፍትዌሩ ላይ "ብልሽት" በሚለው ሥር ልመዝግበው?

ለምን ሁለተኛ ነኩት? አይመዝግቡት፣ ይራቁት። ብሬከሩን ያስጠፉ፣ በሩን ይቆልፉ፣ ቁልፉን እርስዎ ይያዙ። ምናልባት ግራውንዱ አልተሠራም፣ ምናልባት የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቷል። ያንን የሚለየው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እኔም የአይቲው ልጅም አይደለንም። ዛሬውኑ ይጥሩት። ኢንተርኔት ተቋረጠ ብሎ የሚጮህ ይጩህ። ስቲከሩ ይደርሳል።